በቅበላ የተቀመሰው ወይን

ባለፈው ቅዳሜ ኮዬ ፈጬ የእህቴ ልጅ ቤት ለምሳ ተጠርቼ ነበር። የምትኖረው አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ የሊፍት ቦታ አለ፣ ሊፍት የለም። ደረጃውን ጨርሼ ትንፋሼን ስሰበስብ ባሏ በር ላይ ተቀበለኝ። ዮናታን ይባላል፣ ትሑት ልጅ ነው። በአንድ እጁ የወይን ጠጅ ጠርሙስ፣ በሌላው ስልኩን ይዟል። ስልኩ ላይ ምግብን ከወይን ጠጅ ጋር የሚያጋባ ነገር ጭኗል፤ የምትበላውን ትጽፍለታለህ፣ የምትጠጣውን ይነግርሃል። ዶሮ ወጥ ምን እንደሆነ አያውቅም ብሎ በርበሬውንም ቅቤውንም አንድ በአንድ አብራራለት። መልሱን ሲያነብ ሳቀ።

«ጋሼ፣ አሌያቲኮ የሚባል የወይን ዝርያ ነው ያዘዘልኝ። ብዙ ሰው የማያውቀው የጣሊያን ወይን ነው ይላል። ይሄ ደግሞ እዚህ አገር የት ይገኛል?»

መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ። እውነቱን ብነግረው ምሳው ይቀዘቅዝ ነበር። አሌያቲኮ ከዚያ ቤት በሚኒባስ ሩብ ሰዓት በማይሞላ መንገድ፣ ከአቃቂ ወንዝ በላይ ባለ ቁልቁለት ላይ በቅሎ ያውቃል። ከመጨረሻዎቹ ጠጪዎቹ አንዱ እኔ ነኝ። ስልኩ ያዘዘውን ነገር ያለ ስልክ የደረስንበት ሰዎች ነበርን። ሌሎቹ እንግዶች ዮናታን የከፈተውን ጠርሙስ በኮካ እየቀላቀሉ ጠጡት። ያም አንድ ዓይነት ማጋባት ነውና አልፈርድም።

ስለ ወጣትነት የሚጽፉ ሰዎች ሁሉን ነገር ማር ይቀቡታል። ድሮ ዳቦው ይጣፍጣል፣ ጎረቤቱ ይዋደዳል፣ ዝናቡም በሰዓቱ ይመጣል። እኔ የማስታውሰው አቃቂ ወንዙ ከቆዳና ከቀለም ጋር ተደባልቆ የሚሸት፣ በክረምት ጥቁሩ የወልካ መሬት ጫማ ከነካልሲ የሚያወልቅ፣ በበጋ ደግሞ መሬቱ ተሰነጣጥቆ የወደቀ ሳንቲም የማይገኝበት ከተማ ነው። የጅቡቲው ባቡር ያን ጊዜ ገና ይጮኽ ነበር። የጨርቃ ጨርቁ ፋብሪካ ፈረቃ ሲቀይር የሚለቀው ሳይረን ሰዓት የሌለውን ሁሉ ባለ ሰዓት ያደርገዋል። ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እኔም በዕፅዋት ሳይንስ ተመርቄ፣ ዓለም እኔን እየጠበቀች መሆኗን ሳልጠራጠር፣ ዛሬ በሌለ አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ውስጥ ረዳት ባለሙያ ሆኜ ተቀጠርኩ።

ፋብሪካው ቃሊቲ ነበር። የእኔ ሥራ ግን አቃቂ፣ ወልካው አልቆ ጠጠራማው መሬት በሚጀምርበት ቁልቁለት ላይ ባለ አሮጌ የወይን ማሳ ነው። ፋብሪካው ለገበያ የሚያወጣው ወይን ጠጅ ከሌላ ቦታ በመኪና ከሚመጣ ፍሬ ይጠመቃል። ይህ ማሳ ለሙከራ የቆየ ነው። ድሮ አቃቂ ይኖሩ የነበሩ ጣሊያኖች ከአገራቸው ያመጧቸው የወይን ዓይነቶች በየረድፉ ተተክለው፣ ባለቤቶቻቸው ከሄዱ በኋላ እየተገረዙ ኖረዋል። በየረድፉ ጫፍ የተመታ የቆርቆሮ ምልክት ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ ባርቤራ፣ ፍሬይዛ፣ ማልቫዚያ፣ አሌያቲኮ።

የማሳው ኃላፊ ጋሽ ተካ ናቸው። ያን ጊዜ ወደ ሃምሳ የተጠጉ፣ የባቡር ሠራተኛ ልጅ፣ ኮታቸውን ሳይቆልፉ የማይወጡ፣ ንግግራቸው አጭር የሆነ ሰው ነበሩ። ፋብሪካው በማሳው ጥግ በሰጣቸው ቤት ከባለቤታቸው ከእትዬ አስካለ ጋር ይኖራሉ። ልጅ አልነበራቸውም። ሰዎች ወይኑን ልጆችህ ናቸው ሲሏቸው ይቆጣሉ፤ «ልጅ አይገረዝም በየዓመቱ» ይሉ ነበር። እኔን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው «አንተ ምሁር» ብለው ነው የጠሩኝ። ስድብ መሆኑን ለመረዳት ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

ከየረድፉ ጥቂት ጥቂት ፍሬ ለብቻው ጨምቀን፣ ለብቻው አብላልተን፣ ሽቦ በለበሱ ትልልቅ ጠርሙሶች እናስቀምጥ ነበር። ሥራችን ይኸው ነው። መጠጡን ማን ይጠጣዋል፣ ከምንስ ጋር ይጠጣዋል የሚለውን ጥያቄ ማንም አንሥቶት አያውቅም። እኔ ግን ከአሮጌ መጻሕፍት ተራ ያገኘሁትን አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ የወይን ጠጅ መጽሐፍ እያነበብሁ ነበር። ቀይ ከሥጋ፣ ነጭ ከዓሣ ይላል። ስለ በግ ጥብስ፣ ስለ አይብ ዓይነቶች፣ እኔ በሥዕል እንኳ ስለማላውቀው የባሕር ቀንድ አውጣ ገጽ በገጽ ያብራራል። ስለ ሽሮ አንድ ቃል የለውም። አዋዜ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን የጻፈው ሰው አልሰማም።

መጽሐፍ ሲያስቀይመኝ ደስ ይለኛል። ጋሽ ተካን «የእኛን ምግብ ከእኛ ወይን ጋር እንሞክረው» አልኳቸው። በማግስቱ እትዬ አስካለ በሰሃን ክትፎ ይዘው መጡ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት በሕይወቴ ካየኋቸው ጥቂት የማልጸጸትባቸው ዓመታት አንዱ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አንዳንዴም በጾም ቀን ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ሦስታችን ከቤቱ ፊት ለፊት ባለው ድንጋይ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን እንቀምሳለን። ባርቤራ ኮምጣጣ ነው፤ ለብቻው ሲጠጡት ፊት ያስጨማድዳል። ክትፎ ላይ ግን፣ ቅቤው ምላስ ላይ ተዘርግቶ ሲተኛ፣ እንደ ሎሚ ይነሣና ጥርግ አድርጎት ያልፋል፤ የሚቀጥለው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይሆናል። ማልቫዚያ ነጭ ነው፣ አበባ አበባ ይሸታል። በጾም ቀን ከሽሮ ጋር ስንጠጣው ሽሮው ውስጥ ያለው ነጭ ሽንኩርትና በሶብላ ተለይተው ይሰማሉ፤ ሽሮ እንደዚያ ብዙ ነገር ያለበት ምግብ መሆኑን እኔ ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። ፍሬይዛ አፍን ያኮማትራል፤ ምድጃ ላይ ተረስቶ የከረረ ሻይ ነው። ጥሬ ሥጋ በጨው ብቻ ሲበሉ ያምራል። ሚጥሚጣ ከነካው ግን ምሬቱና ቃጠሎው ተጋብተው ጉሮሮ ውስጥ ሰርግ ይደግሳሉ። እትዬ አስካለ አንድ ጊዜ ቀምሰውት «ይሄ መጠጥ ነው የኮሶ መድኃኒት?» አሉ። ጋሽ ተካ ሳቁ እንጂ አልተቀየሙም። በዚያ አግዳሚ ላይ ማንም ማንንም አይፈራም ነበር።

አሌያቲኮን በመጨረሻ ነው የደረስንበት። ቀለሙ ቀላ ያለ፣ ጽጌረዳ የሚሸት፣ ጣፋጭነቱ ያልተደበቀ ወይን ነው። እኔ መጽሐፍ አንባቢው ጣፋጭ ወይን ጠጅ የማያውቁ ሰዎች መጠጥ ነው ብዬ ንቄው ቆይቻለሁ። አንድ እሑድ እትዬ አስካለ በርበሬው ከፍ ያለ ዶሮ አቀረቡና ሌላው ጠርሙስ ስላለቀ እሱን ቀዳን። ቃጠሎው ሲነሣ ጣፋጩ እንደ እናት እጅ ግንባሩን ዳሰሰው፤ አላጠፋውም፣ አበረደው እንጂ። ሦስታችንም ማኘካችንን አቆምን። ጋሽ ተካ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩና «ይሄ እዚህ አገር ነው መወለድ የነበረበት» አሉ። ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ረጅሙ ምስጋና እሱ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ገና ወጣት ነው፣ ከሌላ መሥሪያ ቤት የተዛወረ፣ ቁጥር የሚወድ። ማሳውን ዞሮ አየና ሁሉንም ነቅለን ኡኚ ብላን እንትከልበት አለ። ኡኚ ብላን ፍሬው የበዛ፣ ጣዕሙ እንደ ጣሪያ ውሃ የሆነ ነጭ ወይን ነው። ጋሽ ተካ በዚያ አጭር አነጋገራቸው ተከራከሩት። መጥፎ ሰው እንዳልነበረ መናገር አለብኝ፤ ታሪኩ የሚመረኝም በዚህ ነው። ቢያንስ አዳመጠ። የየክፍሉ ኃላፊዎች መጥተው ይቅመሱ፣ ከሌላው ይበልጣል ያሉትን ሁለት ሦስት ዓይነት አልነካም፣ የሚለይ ከሌለ ግን ማሳው ይነቀላል አለ። ከዚህ የተሻለ ፍትሕ በመሥሪያ ቤት ዕድሜዬ አላገኘሁም። የሚፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከስድስት እንግዶች አንዱ አፉን ከፍቶ «ይሄ ከዚያ ይሻላል» እንዲል።

ጋሽ ተካ ቀኑን ወሰኑ። ሁዳዴ ሊገባ ነው፣ ያለው ቅበላ ነው፣ ከቅበላም ቅዳሜ። አገሩ በሙሉ ሥጋን ሊሰናበት የሚበላበት ሳምንት ነው፤ ሰው ሰውን ይጠራል፣ የተጠራውም ሌላ ቦታ በልቶ ይመጣል። እኔ ደነገጥሁ።

«ጋሼ፣ ውሃና ደረቅ ዳቦ ብቻ እናቅርብ» አልኳቸው። «ስሙን ሳንነግራቸው በየተራ ይቅመሱ። ሳይመካከሩ ለየብቻ ይፍረዱ።»

«በቅበላ? ቤቴ የጠራሁትን ሰው በቅበላ ደረቅ ዳቦ ላበላው? ታመሙ እንዴ ሰዎቹ?»

«ምሳውን ከፍርዱ በኋላ ይብሉ።»

«አንተ ምሁር፣ ቤት ይዘህ፣ ሰው ጠርተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም ነበር። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

እትዬ አስካለ ጎረቤታቸውን ይዘው ሁለት ቀን እሳት ላይ ቆሙ። ቅዳሜ ዕለት ከዛፉ ጥላ ሥር የተዘረጋው ጠረጴዛ ላይ ዶሮው፣ ክትፎው ከነአይቡ፣ ጎመኑ፣ ቁርጡ ከነሚጥሚጣውና ከነአዋዜው ተደርድሯል። እንግዶቹ ሥራ አስኪያጁ፣ የሽያጭ ኃላፊዋ፣ ሌሎች ሦስት ሰዎችና የሒሳብ ክፍሉ አቶ ዘለቀ ናቸው። አቶ ዘለቀ ጡረታቸው የቀረበ፣ ከሁሉም ሸምገል ያሉ፣ የትም ቢሄዱ መጀመሪያ የሚናገሩ ሰው ናቸው። እኔ ወጣት ስለሆንሁ አልተቀመጥሁም። እጅ አስታጠብሁ፣ ቀዳሁ።

ማልቫዚያን ቀዳሁ። አቶ ዘለቀ ገና ሳይውጡት «ግሩም ነው» አሉ። በጠረጴዛው ዙሪያ ግሩም ነው ግሩም ነው እየተባለ ቃሉ ዞሮ ተመለሰ። ቀጥሎ ፍሬይዛ ነበር። ከቁርጡ ጋር ጨው ብቻ አድርጉበት ብዬ ለመንኋቸው፤ ማን ይሰማኛል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሚጥሚጣ ውስጥ ተንከባሎ ነው የሚነሣው። የሽያጭ ኃላፊዋ ጎንጨት አድርጋ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከጎኗ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ሁሉም ወደ አቶ ዘለቀ ተመለከቱ። እሳቸው ወደ እትዬ አስካለ ተመለከቱ፤ እትዬ አስካለ የበሩን መቃን ይዘው፣ ፊታቸው በእሳት ቀልቶ፣ ይጠብቃሉ።

«ኃይለኛ ነው» አሉ አቶ ዘለቀ። «ጥሩ ነው።»

ጥሩ ነው፣ አሉ ሁሉም።

ባርቤራም ጥሩ ሆነ። አሌያቲኮን ቀዳሁ። እንግዶቹ ዶሮው ላይ ደርሰዋል። አቶ ዘለቀ ጠጡና ብርጭቆውን ሊያስቀምጡ ሲሉ ቆሙ፤ ወደ አፍንጫቸው መለሱት፣ አሸተቱ፣ ደገሙ። ለአንድ አፍታ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የሚጠጣውን ከልቡ የሚቀምስ ሰው ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ቀና ሲሉ የጋሽ ተካን ዓይን አገኙት። የቤቱ ባለቤት በጨዋነት ፈገግ ብለው «ይጨመርልዎት?» ይላሉ።

«እሱም ጥሩ ነው» አሉ አቶ ዘለቀ፣ በዚያው ድምፅ።

ሥራ አስኪያጁ ጠየቀ። ሁለት ጊዜ ነው የጠየቀው። «እሺ፣ ከእነዚህ የትኛው ይበልጣል? አንዱን ብቻ እንኳ ንገሩኝ።» አቶ ዘለቀ እጃቸውን እየጠረጉ ሳቁ።

«ልጄ፣ ሰው ቤት ገብቶ ከልጆችህ ማንኛው ይበልጣል ይባላል?»

ጠረጴዛው ሳቀ። ጥሩ አባባል ነበር፤ አቃቂ ላይ ለዓመታት የሚጠቀስ ዓይነት። ነገሩ ገባኝ። እትዬ አስካለ ያን ያህል ባይደክሙ፣ ዶሮው ያን ያህል ባያምር፣ አንዳቸው አንድ ቃል በተናገሩ ነበር። ማዕዱ በበረከተ ቁጥር የእንግዳው አፍ ይታሰራል። አንዱን ወይን መውደድ ሌላውን መጥላት ነው፤ ሌላውን መጥላት ባለቤቱን ማዋረድ ነው። በደረቅ ዳቦ ሊተርፍ የሚችለውን ማሳ በክትፎ እየገደልነው ነበር።

ጠርሙሱን አስቀመጥሁ። «ሁለተኛው መጥፎ ነበር» አልሁ። «ከሚጥሚጣ ጋር አይሄድም። ዓይናችሁ ያቀረረው በደስታ አይደለም። አራተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል፤ አቶ ዘለቀ ራሳቸው ሁለት ጊዜ ነው ያሸተቱት።»

አንድ ሹካ ሰሃን ነካ። እትዬ አስካለ ከበሩ ወደ ውስጥ ገቡ። አቶ ዘለቀ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ፍርፋሪ ማራገፍ ጀመሩ። ጋሽ ተካ ተነሡ፣ ከዶሮው ግማሽ እንቁላል በእንጀራ ጠቅልለው ወደ እኔ መጡ።

«ይቅርታ አድርጉለት» አሉ ለእንግዶቹ። «መጽሐፍ ሲያነብ ነው ያደረው።» ጉርሻውንም አፌ ውስጥ ከተቱት።

ጉርሻ ፍቅር ነው፣ ክብር ነው ይባላል። ያን ቀን ውታፍ ነበር። እንቁላሉን አላምጬ እስክውጥ ጨዋታው ወደ ሁዳዴ፣ ከሁዳዴ ወደ ፋሲካ በግ ተሻግሯል። እንግዶቹን ሳልሸኝ፣ እጄንም ሳልታጠብ ወጣሁ።

ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ውሳኔው ደረሰ። ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ተካንና እኔን ቃሊቲ ጠርቶ በአክብሮት አስቀመጠን። ቀማሾቹ ሁሉንም በእኩል ወድደዋቸዋል አለ። ሁሉም እኩል ጥሩ ከሆኑ ብዙ የሚያፈራው ይበቃናል። እስከ ዛሬ በዚህ ሐሳብ ላይ ስሕተት ፈልጌ አላገኘሁም። ከጨዋ ሰዎች ምስክርነት ሊወጣ የሚችለው ብቸኛ ትክክለኛ መደምደሚያ እሱ ነው። ጋሽ ተካ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዙረው «መውደዱንስ ወድደውታል» አሉ።

ነቃዮቹ ጾመኞች ነበሩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ በዚያ ፀሐይ ቆፈሩ። የአሮጌ ወይን ሥር ከግንዱ ይረዝማል፤ ጠጠሩ ውስጥ ገብቶ፣ ዞሮ፣ ሌላውን ሥር ይዞ ነው የሚወጣው። አንዱን ለመንቀል ሦስት ሰው ገመድ ይስባል። ሲላቀቅ የሚሰጠው ድምፅ ወፍራም ጨርቅ ሲቀደድ ይመስላል። ጋሽ ተካ ኮታቸውን እንደቆለፉ ከረድፍ ረድፍ እየዞሩ ጉድጓዱ በደንብ እንዲደፈን ያዝዛሉ። ግንዱን የሠፈር ሰው ለማገዶ ወሰደው። የፋሲካ ዶሮ በአሌያቲኮ ግንድ ተሠርቶ ሊሆን ይችላል፤ ያም አንድ ዓይነት ማጋባት ነው።

እኔ ጥቂት ቅርንጫፍ ቆርጬ ወስጄ እናቴ ግቢ ተከልሁ። የእናቴ ግቢ ወልካ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው ሥራቸው ላይ ቆመ፤ ጠቆሩ፣ በሰበሱ። ኡኚ ብላንም ቢሆን ማሳው ላይ ጥቂት ክረምት ነው የቆየው። ፋብሪካው ተሸጠ፣ ቁልቁለቱ ተደለደለ። ዛሬ የከባድ መኪና ማቆሚያና የሲሚንቶ መጋዘን ነው።

ሥራውን ትቼ ወደ ጽሕፈት ገባሁ። ስለ ይሉኝታ ደጋግሜ ጽፌያለሁ። ጨዋነታችን የምንመካበት ጌጥ ሳይሆን የምንከፍለው ግብር ነው ብያለሁ፤ እውነትን ደጅ አስቁመን ለእንግዳ ወንበር የምንስብ ሰዎች ነን ብያለሁ። አንባቢዎቼ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ሰላም ብለው «ጥሩ ጽሑፍ ነው» ይሉኛል።

ከኮዬው ምሳ በማግስቱ፣ እሑድ፣ ጋሽ ተካን ለማየት ወደ አቃቂ ሄድሁ። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ባለ አንድ ክፍል ተኩል ቤት ዛሬም ከእትዬ አስካለ ጋር ይኖራሉ። ሰማንያን ያለፉ ይመስለኛል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ኮታቸው ግን እንደተቆለፈ ነው። ስለ ስልኩ ነገርኳቸው። አሌያቲኮ የሚለውን ስም ሲሰሙ አንገታቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው መለሱት። እኔ ብዙ ዓመት የያዝሁትን ነገር አወጣሁ። እንግዶቹ ወድደው እንዳልነበረ፣ ሁሉም ነገር የጠፋው በጨዋነት እንደሆነ፣ እሳቸው ግን ወድደውታል ብለው አምነው እንደቀሩ ነገርኳቸው። ክፉ ነገር መናገሬ እንደሆነ ይሰማኝ ነበር፤ ቢሆንም ተናገርሁ።

«ማን አምኖ ቀረ?» አሉ። «ሁለተኛው ብርጭቆ ላይ ነው የገባኝ። ሴትዮዋ ስታነባ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን እውነቱን ንገሩኝ አላሏቸውም? እኔንስ ለምን ዝም አሰኙኝ?»

ጋሽ ተካ ጥያቄው ያስገረማቸው ይመስል ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

«ቤቴ ነበራ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት አወሩኝ። አስካለ ሁለት ቀን ቆማ የሠራችው ማዕድ ላይ አንድ ሰው ክፉ ቃል ጥሎ ቢሄድ፣ ወይኑ ቢተርፍ ምን ያደርግልኛል አሉ በመካከል፣ ለእኔ ሳይሆን ለግድግዳው። ይህን ሁሉ ዓመት አቶ ዘለቀን ስረግም፣ ሥራ አስኪያጁን ስረግም ኖሬያለሁ። ሰውየው ግን ምን ከምን እንደሚበልጥ አመዛዝነው፣ ዓይናቸው እያየ መርጠዋል። የመረጡትም ሚስታቸውን ነው። ይህን እንዴት አድርጌ እንደምጠላው አላውቅም።

እትዬ አስካለ እስከ ውጭ በር ሸኙኝ። ጎብጠዋል፤ እጄን ይዘው ነው የሚራመዱት። የመንገዱ ዳር ባጃጆች እየተጯጯኹ ያልፋሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ ቤቱ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የቅበላውን ምሳ ነው አይደል ያነሣችሁት?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ያን ቀን ክትፎው ጨው በዝቶበት ነበር። ጎረቤቴም እኔም ጨምረንበት ኖሯል። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የተረፈውን ስቀምስ ነው ያወቅሁት። እጅሽ ይባረክ ብለውኝ ነው ሁሉም የወጡት።» እጄን አልለቀቁኝም። «ለእሱ እንኳ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ከስድስት ሰው አንዱ፣ አስካለ ጨው በዝቷል ቢለኝ፣ ምን እሆን ነበር?»

ወደ ቃሊቲ በሚመለሰው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ኋላ፣ በመስኮቱ በኩል መጋዘኖቹ ሲያልፉ እያየሁ ያ ዝምታ ማንን እንደጠቀመ አሰብሁ። ወይኑን አይደለም፣ እንግዶቹን አይደለም፣ እትዬ አስካለን አይደለም። ቢያንስ አንድ ሰው ይኖራል ብዬ እስከ መውረጃዬ ፈለግሁ።